ደመወዝ ሲያንስ ቤት እንዳያንስ

ሹም ሽር በአገራችን የቈየ ነገር ነው። በቀድሞው ዘመን ነጋሪት ተጐስሞለት የወጣ ሹም፥ ሳይታሰብ ትእዛዝ መጥቶ በሌላ ሰው ሲተካ፥ ይህን እንደ እንግዳ ነገር የሚቈጥረው አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሹም መተዳደሪያው በወር የሚቈጠር ገንዘብ ሳይሆን ለሹመቱ የተሰጠው ማደሪያና ከባላገር የሚገባለት ግብር ስለ ነበረ፥ የተሻረ ሰው ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን እንጀራውንም አብሮ ያጣ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ከወጣ በኋላ ግን አገረ ገዢዎች ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ ተቀባዮች ሆኑ። ከዚያም ወዲህ ቀስ በቀስ በከተማ የሚኖረው ሰው፥ ትልቁም ትንሹም፥ ቤቱን የሚያቆመው በወር ደመወዝ ሆነ። ደመወዝ የሚለው ቃል ራሱ ደምና ወዝ ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው ይባላል። እንግዲህ ደመወዙ የተቋረጠበት ሰው ደሙ የጐደለ ያህል ቢሰማው አይፈረድበትም።

የተሻረ ሰው በቀድሞው ዘመን የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ደጅ ይጠና ነበር። ማለዳ ተነሥቶ ነጭ ለብሶ ወደ ግቢ ወይም ወደ አንድ ትልቅ መኰንን ደጅ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆም ውሎ፥ እጅ ነሥቶ ማታ ይመለሳል። እንዲህ ሲል ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቈይ ነበር። በዚህ መካከል በቅሎው ትከሳለች፤ ተከታዩ አንድ በአንድ እየከዳ ሌላ ጌታ ይፈልጋል፤ ባለቤቱም የአንገት ወርቋን ሸጣ ለጎተራው እህል ትገዛለች። እርሱ ግን ከሹመቱ ያነሰ ሥራ ቢሰጠው ማዕረጌ ይዋረዳል ብሎ አይቀበልም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረትም የተነገረው ለዚህ ዐይነቱ ሰው ነው። ይህ ተረት ግን በሹመት ጊዜ ስለ መብላት ይመክራል እንጂ፥ ሹመት ካለፈ በኋላ በንጹሕ እጅ እንዴት እንደሚኖር አንዳች አያስተምርም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነገር ነው።

ዛሬ ሳይታሰብ ከሥራ መውጣት በሹመኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገሮች የሚሰጠው እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ፥ በዚህ ገንዘብ በሚተዳደሩ ሥራዎች ተቀጥረው ከነበሩት የአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ጥፋት ሳይገኝባቸው ሥራቸውን አጡ። ከእነርሱም መካከል የቀድሞውን ደመወዝ እኩሌታ ወይም ሢሶ የሚከፍል ሥራ ቀርቦላቸው፥ «ልቀበለው ወይስ የሚመጥነኝን ልጠብቅ?» እያሉ ሌሊት እንቅልፍ ያጡ አሉ። እኔም ቀደም ብዬ በሌላ ምክንያት በዚህ መንገድ አልፌአለሁና፥ ያየሁትን ለእነርሱና ለቤተሰባቸው እናገራለሁ።

ፊደል የቈጠርሁት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ የፈረንጅ ቋንቋ ተማርሁ፤ ያም ቋንቋ እንጀራዬ ሆነ። በአንድ የንግድ ቤት የውጭ አገር ደብዳቤ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ደመወዜ በወር 14 ሺህ ብር ደርሶ ነበር፤ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 9 ሺህ 600 ብር ያህል እጄ ይገባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፥ ሥራ አስኪያጁ ስምንት ሰዎችን ጠርቶ የአዲስ አበባው ቅርንጫፍ መዘጋቱን ነገረን፤ ለእያንዳንዳችንም አንድ አንድ ፖስታ ሰጠን። እኔም በዚያን ቀን በጠረጴዛዬ ላይ የጀመርሁትን ደብዳቤ እንኳ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከንግድ ቤቱ እስከ ቤቴ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በዚያን ቀን ግን ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ለባለቤቴ የምነግርበትን ቃል በመንገድ እያሰናዳሁ ነበርና። ቤት ስደርስ ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ ተቀበለችኝ፤ ባለቤቴም አከራያችን ኪራይ ሊጨምሩ መሆናቸውን ነገረችኝ። ያሰናዳሁት ቃል ሁሉ በጕሮሮዬ ቀረ። ነገ እነግራታለሁ አልሁ፤ ነገም ሌላ ነገን ወለደ።

ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሥራ እንዳለው ሰው ማለዳ ልብሴን ለብሼ፥ ከረባቴን አስሬ፥ ቦርሳዬን ይዤ እወጣ ነበር። ደጅ ጥናቴንም ጀመርሁ። ባለ ሥልጣንና ባለጠጋ የሆኑትን የቀድሞ ወዳጆቼን በየቢሮአቸው እየዞርሁ እጠይቃለሁ፤ እነርሱም በክብር ተቀብለው ሻይ አጠጥተው፥ «ጥቂት ታገሥ፤ ለአንተ የሚመጥን ቦታ ሲገኝ እንጠራሃለን» ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ሠራተኛ የሚወጣበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። በዚያው ዛፍ ሥር እንደ እኔ ቦርሳ የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በየቀኑ ሰላምታ እንሰጣጥ ነበር፤ ነገር ግን ማናችንም የሌላውን ሥራ አንጠይቅም ነበር።

ባለቤቴ ነገሩን ያወቀችው ከሰው ሰምታ አይደለም። የንግድ ቤቱ ለሠራተኞቹ ምሳ ይሰጥ ስለ ነበረ፥ ማታ ቤት ስገባ አንድ እንጀራ እንኳ አልጨርስም ነበር። ከተሰናበትሁ ወዲህ ግን ገንዘብ ላለማውጣት ብዬ ምሳ ስለማልበላ፥ ማታ መሶቡ ሲከፈት ራሴን መግዛት አቃተኝ። እርስዋም ምንም ሳትናገር በአንዱ እንጀራ ላይ ሁለተኛውን ትደርብልኝ ጀመር። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ልጃችን ከተኛች በኋላ መሶቡን ከደነችና፥ «ምሳ መብላት ከተውህ ስንት ቀን ሆነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሥራ ወጣህን ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም ያን ጊዜ ሁሉን ነገርኋት።

የተቈጣችው ሥራ በማጣቴ አልነበረም። «አንተ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻህን ስትጨነቅ፥ እኔ በዚህ ቤት እንግዳ ነበርሁን? ባለፈው ሳምንት ለልጅቱ አዲስ ጫማ ስገዛ እያየህ ዝም አልህ» አለችኝ። ይህ ቃል ከስንብቱ ደብዳቤ ይልቅ ልቤን ወጋው። እኔ ዝም ያልሁት እንዳላስጨንቃት መስሎኝ ነበር፤ በእውነቱ ግን ክብሬን እጠብቅ የነበረው በእርስዋና በልጄ ገንዘብ ነበር።

በዚያው ሳምንት፥ በቄስ ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ ባልንጀራዬ በፍርድ ቤት አንድ የጸሐፊ ቦታ መኖሩን ነግሮኝ ነበር። ደመወዙ 5 ሺህ 200 ብር ነው ቢለኝ እንደ ቀልድ ሰምቼ ተውሁት። ለባለቤቴም የነገርኋት እየሣቅሁ ነው። እርስዋ ግን አልሣቀችም፤ የልጃችንን ደብተር ከኋላ በኩል ገልጣ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች።

ሒሳቡ እንዲህ ነበር። ከስንብቱ ክፍያ ልዩ ልዩ ነገር ተቀንሶ እጃችን የሚገባው 70 ሺህ ብር ነው። የቤታችንን ወጪ ኪራዩን ጨምሮ አጥብቀን ብንይዘው በወር 7 ሺህ ብር ይበቃናል። የሚመጥነኝን ሥራ እየጠበቅሁ ብቀመጥ ገንዘቡ በ10 ወር ያልቃል። በፍርድ ቤት ብገባ ግን ከ5 ሺህ 200 ብሩ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 4 ሺህ 100 ብር ያህል ይገባል። በየወሩ የሚጐድለው 2 ሺህ 900 ብር ብቻ ነውና፥ ያው 70 ሺህ ብር 24 ወር ያቈየናል። «ይኸው ሁለት ዓመት» አለችኝ። «የተሻለ ሥራ ካለ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመጣል። ባይመጣም እኔ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።» እኔ እስከዚያች ሌሊት ድረስ 5 ሺህ 200 ብሩን ከ14 ሺህ ብር ጋር ብቻ እያስተያየሁ እንቀው ነበር። 14 ሺህ ብሩ ግን ከእንግዲህ ወዲያ የሌለ ነገር ነው፤ ላስተያየው ይገባኝ የነበረው ከባዶ እጅ ጋር ነበር።

በማግሥቱ ልጃችንን ጠርተን በደብተሯ ላይ የተጻፈውን አሳየናት። ያን ጊዜ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ጥቂት ዝም ብላ ከቈየች በኋላ «እኔስ ምን ልቀንስ?» አለች። ልጅን ይበልጥ የሚያስጨንቀው፥ ከተነገረው ችግር ይልቅ በወላጆቹ ፊት ላይ የሚያየው ያልተነገረ ችግር መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ይህን ስል ነገሩ ቀላል ነበረ ማለቴ አይደለም። ልጃችን ከግል ትምህርት ቤት ወጥታ መንግሥት ትምህርት ቤት ገባች፤ ለብዙ ጊዜም የቀድሞ ጓደኞቿን በመንገድ ስታይ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞር ነበር። በአገር ቤት ላለችው እናቴ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ በግማሽ ቀነስሁ፤ እናቴም ምክንያቱን ሳትጠይቅ በሰው እጅ አንድ ቁና ሽምብራ ላከችልን። በስንብቱ ቀን ያላለቀስሁትን ያን ቁና ስቀበል አለቀስሁ። ዕቁባችንን ተውን፤ ዕድራችንን ግን አልነካንም። ዕቁብ ገንዘብ ነው፤ ዕድር ግን ሰው ነውና። ባለቤቴም በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ለጎረቤትና ለዘመድ መሸጥ ጀመረች፤ በሦስተኛው ወር ትርፉ የቤት ኪራያችንን ሢሶ ይሸፍን ጀመር። እኔም ከፍርድ ቤት ጕዳይ ውጭ የሆኑ ጽሑፎችን ማታ ማታ እየተረጐምሁ ጥቂት አገኝ ነበር። ያነሰውን ሥራ መያዝ የቀድሞውን ሙያ መቅበር እንዳልሆነ በዚህ ዐወቅሁ።

በሥራው በኩል የመጀመሪያው ወር ከብዶኝ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኀላፊ ከእኔ በዐሥራ ሁለት ዓመት የሚያንስ ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት ለችሎት የሚቀርቡትን መዝገቦች ከመደርደሪያ እያወረድሁ በቍጥራቸው ሳሰናዳ አቧራው ልብሴን ያለብሰው ነበር። አንድ ቀን ከቀድሞው የንግድ ቤት ጋር ይሠራ የነበረ ነጋዴ በመስኮቱ በኩል አይቶኝ፥ «ምነው፥ እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ። ለጕዳይ የመጣሁ መስዬ ለመዋሸት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ነገር ግን የዐሥራ ዘጠኙን ቀን ውሸት አስታውሼ «እዚህ ተቀጥሬ እሠራለሁ» አልሁት። እርሱም «እንግዲያስ ይህችን መዝገብ ይፈልጉልኝ» አለኝና ነገሩ በዚሁ አለቀ። አንድ ወር ሙሉ ስፈራው የነበረው ነገር ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፥ ዝናም በሚዘንምበት ከሰዓት በኋላ፥ በዘበኝነት ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ያለ አግባብ ከሥራ ተባረርሁ ብለው ክሳቸውን ይዘው መጡ። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ አንድ ሰዓት አይሞላም ነበር። ከማስረጃቸው አንድ ቅጂ ስለ ጐደለ፥ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «አሟልተው ነገ ይመለሱ» አላቸው። እኔ ግን የስንብቱን ደብዳቤ ቀን ስመለከት ሦስት ወሩ በዚያው ቀን የሚሞላ መሆኑን አየሁ። ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚከስ ሠራተኛ ሦስት ወር ካለፈው ክሱ በይርጋ ይቀራል። ሮጬ ቅጂውን ራሴ አስነሥቼ ክሳቸውን በዚያው ቀን አስመዘገብሁላቸው። ሽማግሌው ከምን እንደ ተረፉ ሳያውቁ መርቀውኝ ሄዱ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፥ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለንግድ ቤቱ ከጻፍሁት ደብዳቤ ሁሉ ይህን ያህል ሰውን የጠቀመ አንድ እንኳ ማስታወስ አልቻልሁም።

ሥራ ከደመወዙ በላይ ለሰው የሚሰጠው ነገር እንዳለ ሊቃውንትም መርምረው ጽፈዋል። በኦስትሪያ አገር ከቪየና ከተማ ጥቂት ርቃ፥ 1500 ያህል ሰው የሚኖርባት ማሪየንታል የምትባል መንደር ነበረች፤ ነዋሪዋም አብዛኛው በአንድ የፈትልና የሽመና ፋብሪካ ይተዳደር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 እና በ1930 ፋብሪካው ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፥ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልንጀሮቻቸው ጋር የመንደሪቱን ሰው ኑሮ መርምረው በ1933 መጽሐፍ አወጡ። ሥራ የሌለው ሰው ጊዜው ሰፊ ነውና ብዙ ያነባል ተብሎ ይገመት ይሆናል፤ ነገር ግን ከመንደሪቱ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣው መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የወንዶቹ እርምጃ ዘገየ፤ በመንገድ ሲሄዱም በየጥቂቱ ይቆሙ ነበር። ቀኑን በምን አሳለፋችሁት ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ያጡ ነበር። ሴቶቹ ግን ያንኑ ችግር እየተካፈሉ፥ ምግብ የሚያበስሉ ልብስ የሚያጥቡ ልጅ የሚያሳድጉ ስለ ነበሩ፥ ቀናቸው ቅርጽ አልጠፋውም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ ዛፍና እነዚያ ሁለት ባለ ቦርሳ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ደጅ ጥናት የሚበላው ገንዘብን ብቻ አይደለም፤ ሰውዬውንም ራሱን ይበላዋል።

ቅዱስ መጽሐፍም የሚያስተምረን ከዚህ አይርቅም። ሙሴ በፈርዖን ቤት አድጎ፥ ከዚያ ከወጣ በኋላ በምድያም የአማቱን የዮቶርን በጎች ሲጠብቅ ኖረ። ከቤተ መንግሥት ይዞት የወጣ አንዳች ዕቃ አልተነገረልንም፤ በኋላ በባሕሩ ላይ የተዘረጋው ግን በእረኝነቱ ጊዜ በእጁ የነበረው በትር ነው።

እንግዲህ ለተሰናበተ ሰው የምመክረው ጥቂት ነገር አለኝ። አስቀድሞ ሕግ የሰጠውን መብት ይወቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156፥ ድርጅት ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀነስ ለሚሰናበት ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ይፈቅድለታል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሢሶ፥ ማለት የ10 ቀን ይታሰባል፤ ምክንያቱ መዘጋት ወይም ቅነሳ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ይጨመራል። ስለዚህ ዐሥራ አንድ ዓመት ላገለገለ ሰው በድምሩ የ190 ቀን ደመወዝ ይሆናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ የሚጸናው ሕግ ግን ሌላ ነው። ይህ የስንብት ገንዘብ የቤት መሰንበቻ እንጂ ኀዘን መርሻ አይደለምና፥ ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ በወር ተከፋፍሎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ ስንብቱን በዚያው ማታ ለቤተሰብ መንገር ይገባል። ቃል አላምርም ብሎ የሚያሳድር ሰው ነገ ደግሞ የባሰ ይከብደዋል። ሦስተኛ፥ የቀረበውን ሥራ ለመቀበል ወይም ለመተው ባልና ሚስት አብረው በእርሳስ ይቍጠሩት። የሚከፈለው ለመመላለሻው የማይተርፍ ከሆነ፥ ወይም ሥራው ከሕሊና ጋር የሚያጣላ ከሆነ፥ መተዉ ጥበብ ነው። ሙያው በቶሎ የሚፈለግለት ሰውም ጥቂት ቢጠብቅ አይነቀፍም፤ ነገር ግን እስከ ስንት ወር እንደሚጠብቅ ቀኑን አስቀድሞ ይቍረጥ። ቀን ያልተቈረጠለት መጠበቅ ደጅ ጥናት ነው።

አራተኛ፥ ያነሰውን ሥራ የያዘ ሰው «እኔ በነበርሁበት ጊዜ» የሚለውን ንግግር ከአፉ ያርቅ። አዲሶቹ ባልንጀሮቹ የሚያውቁት ዛሬ የሚሠራውን ነው። በዕድሜ የሚያንሰው አለቃ ቢያዝዘውም፥ ትእዛዙ ለሥራው እንጂ ለዕድሜው አለመሆኑን ያስብ።

ለቤት እመቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ባል ሥራ ባጣ ጊዜ የሚፈራው የሚስቱን ፊት ነው። ጥፋቱ ዝም ማለቱ ከሆነ ስለ ዝምታው ይወቀስ፤ ስለ ስንብቱ ግን አይወቀስ። ሥራ ያጣችው ሚስት ብትሆንም ነገሩ ያው ነው።

የሰው አለቃ የሆናችሁ ጌቶቼም ይህን አስቡ። ሠራተኛ መቀነስ ግድ በሆነ ጊዜ አስቀድሞ መንገር፥ የአገልግሎቱን የምስክር ወረቀት ሳያመላልሱ መስጠት፥ ክፍያውንም በጊዜው መክፈል ለሚሰጠው ቀላል፥ ለሚቀበለው ትልቅ ነገር ነው። ለጠያቂም ቦታ ከሌላችሁ «የለም» በሉት። «ጥቂት ታገሥ» የሚለው ቃል ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድን ቤት የብዙ ወር እህል የሚጨርስ ቃል ነው። ታገሥ ካሉኝ ወዳጆቼ መካከል እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ሻዩን ከጠጣን በኋላ ረሱኝ እንጂ።

እኔ ዛሬም በዚያው ፍርድ ቤት አለሁ። ደመወዜ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቢጨመርም፥ ገበያው አብሮ ስለ ወጣ የቀድሞውን ያህል አይገዛም። ያ 70 ሺህ ብር ግን በሁለት ዓመቱ አላለቀም፤ የበርበሬውና የትርጉሙ ገንዘብ ደግፎት ከሦስት ዓመት በላይ ሄደ። ልጃችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጓደኞች አፍርታለች። ለእናቴ የምልከውንም ወደ ቀድሞው ልክ መልሻለሁ። የሒሳቡ ደብተር እስከ ዛሬ ከሣጥናችን ውስጥ አለ፤ በየወሩ መጀመሪያ ባለቤቴ አውጥታ በመካከላችን ታስቀምጠዋለች።

ደመወዝ በሰው እጅ ያለ ነገር ነው፤ ሰጪው ባሻው ቀን ይቀንሰዋል፥ ይቈርጠዋልም። የቤት መተማመን ግን በእኛ እጅ ነው፤ ካልደበቅነው በቀር ማንም አይወስድብንም። ዛሬ ፖስታውን በኪሱ ይዞ ከደጁ ላይ የቆመ ሰው ቢኖር፥ ገብቶ ይንገር። ማታ መሶቡ ሲከፈት ሁሉም የሚያውቀውን እውነት ይዞ ይቅረብ።